የውሃ ማለስለሻ በገዛ እጅ መግጠም፦ ከሮቶው በኋላ፣ ከቦይለሩ በፊት

ቦይለሩ ውሃ ለማሞቅ የሚወስደው ጊዜ ከወር ወር እየረዘመ ሲሄድ መብራት ቆርጬ ክዳኑን ፈታሁት። ማሞቂያው ብረት ነጭ ቅርፊት ለብሶ በእጥፍ ወፍሯል። ከቅርፊቱ ቁራሽ ሰብሬ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ወዲያው አረፋ ደፈቀ። ያ የካልሲየም ካርቦኔት ምልክት ነው፤ የኖራ ድንጋይም ከዚሁ ነገር የተሠራ ነው። ቅርፊቱ በብረቱና በውሃው መካከል እንደ ጋቢ ስለሚገባ ሙቀቱ ወደ ውሃው በቀላሉ አያልፍም፤ ብረቱ ራሱን ያቃጥላል፣ ቆጣሪውም በከንቱ ይሽከረከራል። ሌላ ማሞቂያ ብረት ገዝቼ ያንኑ ከመድገም መነሻውን ላክመው ብዬ ካልሲየሙን ከውሃው የሚያስቀር የውሃ ማለስለሻ በገዛ እጄ ገጠምሁ። ሱቅ ላይ ሶፍትነር ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ስም ነው የሚታወቀው።

ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው ውሃ ሌት ተቀን በግፊት ለሚፈስበትና መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው። የምኖረው ከፍልውሃ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው፤ በዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሮቶ ውስጥ ያድራል፣ ሲቋረጥ ደግሞ በቦቴ ይገዛል። ስለዚህ እንደኔ ከሆነ ከሁሉም የሚከብደው ውሳኔ መሣሪያው የት ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው። ቧንቧ መቁረጥና ማገናኘት ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ቅዳሜ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ቦታውን ከሳታችሁ ግን የተገዛው ዕቃ ሁሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ለኩ

የከተማችን ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ደግሞ በዐለት ውስጥ ሲጓዝ የኖረ በመሆኑ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ውሃ ከባድ ይባላል። በቦቴ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ነው። እኔ ቤት የመስመሩና የቦቴው ውሃ ልዩነት በዓይን የሚታይ ነበር፤ በቦቴው ውሃ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ በሳምንት ውስጥ ነጭ ይሆናል። ወደ ቤታችሁ የሚመጣው የግድብ ውሃ ብቻ ከሆነ ማለስለሻ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ይህን አውቃችሁ ገንዘባችሁን ብታተርፉ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ገንዘብ አያስወጣም። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ውሃ፣ ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ፣ በንጹሕ ዕቃ ያዙ። የዝናብ ውሃ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው። ሦስት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እኩል ውሃ ይያዙ፤ አንዱ የዝናብ፣ አንዱ የመስመር፣ አንዱ የቦቴ። ከደረቅ የልብስ ሳሙና ፍቃች በትንሽ የዝናብ ውሃ አሟሙና በእያንዳንዱ ጠርሙስ እኩል ጠብታ ጨምሩና ናጡ። የዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፤ እሱ በከባድ ውሃም እንዲያረፋ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ያታልላል። አረፋው የሚቆይበት ውሃ ለስላሳ ነው። አረፋው የጠፋበትና ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር የተንሳፈፈበት ከባድ ነው።

ለመግዛት ግን ቁጥር ያስፈልጋል። በጠብታ የሚሠራ የውሃ ጥንካሬ (ከባድነት) መለኪያ ከውሃ ማጣሪያ ነጋዴዎች ጠይቁ፤ ወይም ናሙና ይዛችሁ ወደ ውሃ ላቦራቶሪ ሂዱ። ልኬቱ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ የካልሲየም ካርቦኔት ሚሊግራም ነው። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ከባድ፣ ከዚያ በላይ በጣም ከባድ ይባላል። አንዳንድ መሣሪያ በግሬን ወይም በጀርመን ዲግሪ ይናገራል፤ 1 ግሬን (በአንድ የአሜሪካ ጋሎን) በሊትር 17.1 ሚሊግራም፣ 1 የጀርመን ዲግሪ ደግሞ 17.8 ሚሊግራም ነው።

ሻጩ እስክሪብቶ የመሰለ ኤሌክትሪክ መለኪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ «ተመልከቱ፣ ውሃችሁ ከባድ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ። ያ መሣሪያ የሚያሳየው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ሁሉ በአንድነት እንጂ ካልሲየሙን ለይቶ አይደለም። ምስክሩ ቅርባችን ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እንድትቆረቆር ምክንያት የሆነው የፍልውሃ ምንጭ በማዕድን የበለጸገ ነው፤ ማዕድኑ ግን በአብዛኛው ሶዲየም ስለሆነ የሳሙናን አረፋ አያጠፋም። እስክሪብቶው ግን እዚያም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ስንት ሊትር ሬዚን?

በማለስለሻው ታንክ ውስጥ ያለው ሬዚን የሚባል እንደ ዓሣ እንቁላል የደቀቀ ቡናማ ኳስ ነው። ኳሶቹ ሶዲየም ተሸክመው ይቀመጣሉ፤ ከባድ ውሃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየማቸውን ይለቃሉ። ሶዲየማቸው ሲያልቅ ጠንካራ የጨው ውሃ ይፈስባቸዋል፤ ጨው ስለሚበዛባቸው የያዙትን ካልሲየም ለቀው እንደገና ሶዲየም ይሞላሉ። ይህ መታደስ ይባላል። ሬዚኑ አያልቅም፤ የሚያልቀው ጨው ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይ። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀሙ 400 ሊትር ይሆናል። የውሃው ጥንካሬ 250 ሚሊግራም ከሆነ በቀን መያዝ ያለበት 100 ግራም ነው። 25 ሊትር ሬዚን በ2.5 ኪሎ ጨው ሲታደስ በግምት 1,100 ግራም ይይዛል፤ ስለዚህ 11 ቀን ያህል ይሠራል። አንድ ቀን ለመጠባበቂያ ቀንሱና በየ10 ቀኑ አድሱት። በወር 7.5 ኪሎ ጨው ማለት ነው። ጨው እጥፍ ብትጨምሩ ችሎታው እጥፍ አይሆንም፤ ቁጠባው ያለው በትንሽ ጨው ማደስ ላይ ነው።

በዚህ ሒሳብ የምታስገቡት ጥንካሬ ከባዱን ውሃ ይሁን፤ ማለትም የቦቴውን። በመስመሩ ውሃ ብትለኩ መሣሪያው ቦቴ በገባ ሳምንት ይሸነፋል።

ቦታው

የውሃውን መንገድ ከቆጣሪው ተነሥታችሁ በእግራችሁ ተከተሉ። በብዙ ግቢ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከቆጣሪ ወደ ሮቶ፣ ከሮቶ በስበት ወይም በፓምፕ ወደ ቤት። መመሪያው «ከዋናው መስመር መግቢያ አጠገብ» ይላል፤ እኛ ዘንድ ያ ስሕተት ነው። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፤ ቀጥሎ ዝገትና ደለል ይመጣል። ያ ሁሉ በሬዚኑ ላይ ቢራገፍ በጥቂት ወራት ይደፍነዋል። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ቧንቧው ወደ ኋላ ሊስብና የጨው ውሃ ወደ ሌላው ሰው መስመር ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ማለስለሻው ከሮቶው በኋላ ይቀመጥ፤ ደለሉ ሮቶው ውስጥ ይዘቅጣል፣ የመስመሩና የቦቴው ውሃም በአንድ በር ያልፋል። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ደግሞ በምንም ምክንያት አትንኩ፤ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ንብረት ነው።

ከሮቶ በኋላ ስንል ግን የግፊት ጥያቄ ይመጣል። የ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው። ሮቶው ከመታጠቢያው አምስት ሜትር ከፍ ቢል ግማሽ ባር ነው። በማለስለሻው ታንክ ላይ ተገጥመው እድሳቱን የሚመሩት አብዛኞቹ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያዎች ከ1.5 እስከ 2 ባር ካላገኙ የጨው ውሃውን መሳብ አይችሉም፤ ሻወራችሁም ከማለስለሻው በኋላ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከሮቶው ቀጥሎ የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ ፓምፕና የግፊት ታንክ ይቀድማል፤ በ2 ባር እንዲነሣ፣ በ3.5 ባር እንዲቆም አድርጉት። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑ ደርቆ እንዳይቃጠል የውሃ ልክ ጠባቂ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው። ፓምፕ ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሙሉው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሮቶ፣ ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ማለስለሻ፣ ቦይለር። ሁለት ቅርንጫፎች ከማለስለሻው በፊት ይውጡ። አንዱ የማድ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላው የግቢ ቧንቧ ነው። ከውሃው ላይ 100 ሚሊግራም ጥንካሬ በተነሣ ቁጥር 46 ሚሊግራም ሶዲየም ይተካል፤ በምሳሌያችን 250ው ሁሉ ቢነሣ በሊትር 115 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመራል። ከጨው እንዲርቅ በሐኪም የተነገረው ሰው ባለበት ወይም ለሕፃን የዱቄት ወተት በሚበጠበጥበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለአትክልትም አይሆንም፤ ሶዲየም አፈሩን ያበላሸዋል። ባለቤቴ ግን ሽምብራና ባቄላ ስትቀቅል ከመታጠቢያው በኩል ያለውን ለስላሳ ውሃ ትቀዳለች፤ ልክ ናት፣ ካልሲየም የጥራጥሬን ቆዳ ስለሚያጠነክር በከባድ ውሃ የተጣደ ሽምብራ እሳት ይጨርሳል።

ቦታው ጠፍጣፋ፣ ጥላ ያለውና ፍሳሽ ቀዳዳ ቅርብ የሆነ ይሁን። ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየመታው አታስቀምጡት። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ በበረንዳ ላይ ከማቆማችሁ በፊት ማኅበሩን አነጋግሩ፤ ጨውና ውሃ የሞላ በርሜል ከታንኩ ጋር ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ፍሳሹም የጎረቤት ጣሪያ ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ማለስለሻው ሲገዛ ታንኩ፣ የመቆጣጠሪያው ራስ፣ መሀል ላይ የሚቆመው ረጅም ቱቦ፣ ሬዚኑና የጨው በርሜሉ መሟላታቸውን እዚያው መርካቶ ሱቁ ላይ ፈትሹ። ለ25 ሊትር ሬዚን የሚሆነው ታንክ ስፋቱ 25፣ ቁመቱ 90 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የጨው በርሜል ለብቻው ከገዛችሁ ለምግብ የተሠራ አዲስ ይሁን፤ ኬሚካል የነበረበትን አሮጌ በርሜል ማጠብ አያድነውም።

ከዚህ ሌላ ሦስት ቦል ቫልቭ፣ ሁለት ዩኒየን (ሳይቆረጥ የሚፈታ መገጣጠሚያ)፣ አንድ ቼክ ቫልቭ (ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ የደለል ማጣሪያ ከነቤቱ (20 ማይክሮን ይበቃል)፣ የግፊት መለኪያ፣ ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) እና ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) እንደ ቦታችሁ፣ ቴፍሎን፣ የፒፒአር ቧንቧ (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ)፣ መቁረጫ መቀስና የብየዳ ማሽን። ማሽኑን መግዛት አያስፈልግም፤ ከምታውቁት የቧንቧ ሠራተኛ ለአንድ ቀን ተከራዩት።

ቧንቧው

ፓምፑንና ቦይለሩን ከመብራት ንቀሉ፤ ቦይለር ባዶውን ቢሞቅ በደቂቃዎች ይበላሻል። የሮቶውን መውጫ ዝጉ፣ ዝቅተኛውን ቧንቧ ከፍታችሁ መስመሩን አራግፉ። እርጥብ ፒፒአር አይበየድም፤ የምትቆርጡትን ጫፍ በጨርቅ አድርቁ።

በአሮጌ ቤቶች የምትኖሩ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። የድሮ የብረት ቧንቧ አንዳንድ ጊዜ የቤቱ ኤሌክትሪክ የምድር መስመር ሆኖ ያገለግላል። መሀሉን ቆርጣችሁ ፕላስቲክ ስታስገቡ ያ መስመር ይቋረጣል፤ ቤተሰቡም በማያውቀው አደጋ ውስጥ ይገባል። በሁለቱ የብረት ጫፎች ላይ መቆንጠጫ አስራችሁ በ6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ አገናኙዋቸው፤ ከተጠራጠራችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። አሮጌ ብረትን ደግሞ ግድግዳ ውስጥ ከሚገባበት አጠገብ አትፍቱ፤ የዛገው ጥርስ ውስጥ ተሰብሮ ቢቀር ግድግዳ ታፈርሳላችሁ።

መጀመሪያ የምትሠሩት ማለፊያውን ነው። በሚመጣው ቧንቧና በሚሄደው ቧንቧ መካከል አጭር መንገድ አበጁ። አንድ ቫልቭ በዚያ አጭር መንገድ ላይ፣ አንድ ወደ ማለስለሻው በሚገባው ላይ፣ አንድ ከማለስለሻው በሚወጣው ላይ ይሁን። መሀለኛውን ከፍታችሁ ሁለቱን ብትዘጉ ቤቱ ውሃ ያገኛል፣ ማለስለሻውም ተለይቶ ይጠገናል። ከማለስለሻው ጋር የቀረበ የራሱ ማለፊያ ቢኖርም ይህን ሥሩ። ቼክ ቫልቩ ከማጣሪያው በፊት ይገባል፤ ቀስቱ ወደ ቤቱ ይጠቁም።

የብየዳ ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ። 20 ሚሊሜትር ቧንቧ 5 ሴኮንድ፣ 25 ሚሊሜትር 7 ሴኮንድ፣ 32 ሚሊሜትር 8 ሴኮንድ ይሞቃል። የመግቢያውን ጥልቀት አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ለ25 ሚሊሜትር 15 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከማሽኑ አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ፤ አታሽከርክሩ። ከሚገባው በላይ ካሞቃችሁት ወይም ከምልክቱ አሳልፋችሁ ከገፋችሁት የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ መንገዱን ያጠብባል፤ ከውጭ አይታይም፣ ግፊቱ ሲያንስ ብቻ ነው የሚታወቀው። 20ውና 25ው ሁለት ደቂቃ፣ 32ው አራት ደቂቃ ሳይነካ ይቀዝቅዝ።

ወደ መቆጣጠሪያው ራስ የሚገቡትን ባለጥርስ ጫፎች ከራሱ ርቃችሁ በየዱ፣ ሲቀዘቅዙ ብቻ ግጠሙ። የመቆጣጠሪያው ራስ ጥርስ ፕላስቲክ ነው። በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። በራሱ ላይ መግቢያና መውጫ በቀስት ተጽፏል፤ ፊት ለፊት ስትቆሙና ከኋላ ስትቆሙ ቀኝና ግራው ስለሚገለባበጥ ቀስቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ታንኩን መሙላት

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትሁት፤ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ታንኩን በቋሚ ቦታው አቁሙ፤ ከሞላ በኋላ አይነሣም። ረጅሙን ቱቦ ወንፊት ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ መሀል ላይ አቁሙት። የላይኛው ጫፍ ከታንኩ አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ አሁን ቁረጡት፣ በኋላ አይቻልም። ከዚያ የቱቦውን አፍ በፌስታል ሸፍናችሁ በፕላስተር እሰሩ። እኔ ይህን ዘለልሁት። ጥቂት ሬዚን በቱቦው ውስጥ ገባና ውሃውን በለቀቅሁ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቤት ሄደ፤ ለሁለት ሳምንት የሻወሩን ራስ እየፈታሁ ቡናማ ኳስ ስለቅም ነበር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም መግቢያ ተደፈነ።

ታንኩን በውሃ ሩብ ያህል ሙሉት፤ ሬዚኑ ወንፊቱን እንዳይመታ ይጠብቀዋል። ከዕቃው ጋር ጠጠር ከመጣላችሁ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሬዚኑን በሰፊ የማፍሰሻ ፈነል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ቱቦው መሀል ላይ መቆየቱን ደጋግማችሁ ተመልከቱ። ሬዚኑ ከታንኩ ሁለት ሦስተኛ አይለፍ፤ ሲታጠብ ወደ ላይ የሚነሣበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ፤ እንደ ምስር ፍሬ እግር ያንሸራትታል። ፌስታሉን አንሡ፣ የታንኩን አፍ ጥርስ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የመቆጣጠሪያው ራስ ቱቦውን በትክክል መጉረሱን እያያችሁ በእጅ ብቻ አጥብቁ።

ፍሳሹ

ከመቆጣጠሪያው የሚወጣውን የፍሳሽ ቱቦ ወደ ወለል ፍሳሽ ውሰዱ፤ ጫፉ ግን ቀዳዳው ውስጥ አይነከር። ከአምስት ሳንቲሜትር የማያንስ የአየር ክፍተት ይኑረው፤ አለበለዚያ ግፊት ሲጠፋ የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ መታጠቢያ ውሃችሁ ሊሳብ ይችላል። ቱቦው በኃይል ስለሚወራጭ አስሩት። የጨው በርሜሉ ከልክ ቢሞላ የሚያፈስበት ጎን ላይ ያለው ቀዳዳም የራሱ ቱቦ ይኑረው። የጨው ውሃ ወደ አትክልት ቦታም፣ ዛፍ ሥርም አይሂድ።

ውሃ መልቀቅ

የመጨረሻው ብየዳ ከቀዘቀዘ አንድ ሰዓት ይቆይ። መጀመሪያ በማለፊያው በኩል ብቻ ውሃ ልቀቁና በመገጣጠሚያው የወረደውን ፍቅፋቂ ከአንድ የቤት ቧንቧ አስወጡ። ከዚያ መቆጣጠሪያውን በግልባጭ እጥበት (ውሃው ከታች ወደ ላይ ሬዚኑን በሚያጥብበት) ላይ አድርጋችሁ የመግቢያውን ቫልቭ ሩብ ብቻ ክፈቱ። አየሩ በፍሳሽ ቱቦው እየተንተፋተፈ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ብትከፍቱት ሬዚኑን አየሩ ተሸክሞ ያስወጣዋል። ውሃው ያለማቋረጥ መፍሰስ ሲጀምር ሙሉ ክፈቱ፤ የአዲስ ሬዚን የመጀመሪያ ውሃ ሻይ ይመስላል፣ እስኪጠራ ይፍሰስ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ዳስሱ፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል።

አሁን ጨው። ለማለስለሻ የሚሸጠው በጽላት መልክ የተጨመቀ ጨው ከሁሉ ይሻላል። የማድ ቤት ደቃቅ ጨው በርሜሉ ሥር እንደ ሊጥ ይጋገራል። ከአፋር የሚመጣ ጥሬ ጨው በርካሽ ካገኛችሁ አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ አሟሙና አሳድሩት፤ ጭቃ ከዘቀጠ በሌላ ባልዲ አሟምታችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ካልሆነ አታስገቡት። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 360 ግራም ያህል ጨው ስለሆነ ለ2.5 ኪሎ 7 ሊትር ውሃ በርሜሉ ውስጥ መኖር አለበት። መቆጣጠሪያው ይህን ራሱ ይሞላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በእጅ ሙሉና ጥቂት ሰዓት አሟሙት።

የመጀመሪያውን እድሳት አጠገቡ ቆማችሁ ተከታተሉ። የግልባጭ እጥበት 10 ደቂቃ፣ ጨው መሳብና በቀስታ ማለቅለቅ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፈጣን እጥበት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በርሜሉን መሙላት። ጨው በሚስብበት ጊዜ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ መቀነሱን በጠመኔ ምልክት አረጋግጡ። ካልቀነሰ ግፊቱ አንሷል ወይም የጨው ቱቦው መገጣጠሚያ አየር ይስባል።

ሰዓቱ

አንድ እድሳት ለ25 ሊትር ሬዚን ከ150 እስከ 200 ሊትር ውሃ ይፈጃል። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አውቶማቲክ መሣሪያ በ2:00 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ እንዲታደስ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሰዓቱን ስትሞሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉት፤ በእኛ አቆጣጠር ብትሞሉት እድሳቱ ቤተሰብ ገላውን በሚታጠብበት ጠዋት ላይ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ያልለሰለሰ ውሃ ነው ወደ ቤት የሚያልፈው። መብራት ሲጠፋም ባትሪ የሌለው ሰዓት ይቆማል፤ ሲመለስ ከእውነተኛው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት ለራሴ በእጅ የሚዞረውን መቆጣጠሪያ መረጥሁ። ርካሽ ነው፣ መብራት አይጠይቅም፣ እድሳቱንም የፈረቃው ውሃ ገብቶ ሮቶው ሞልቶ በሚያፈስበት ቀን አደርገዋለሁ። በየእድሳቱ ሁለት ሰዓት ቤት መሆን ይጠይቃል። ይህን የማይችል ሰው ሊትር የሚቆጥረውን አውቶማቲክ ይግዛ፤ ቀን ብቻ የሚቆጥረው ግን ውሃ ባልመጣበት ሳምንትም ጨው ያባክናል።

ከገጠማችሁ በኋላ

ከማለስለሻው በኋላ ያለውን ውሃ በጠብታ መለኪያው ለኩ። ዜሮ ገደማ ከሆነ ይሠራል ማለት ነው። ሆኖም አሮጌ የብረት ቧንቧ ባለበት ቤት ዜሮ አይመረጥም፤ በጣም የለሰለሰ ውሃ ብረት ሊበላ ይችላል። የመሀለኛውን የማለፊያ ቫልቭ በጥቂቱ ከፍታችሁ ከ50 እስከ 80 ሚሊግራም ያህል ጥንካሬ እስኪቀር ደባልቁት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቧንቧው የድሮ ቅርፊት እየተላቀቀ ይመጣል። የሻወሩን ራስና የቧንቧ ጫፍ ወንፊቶችን እየፈታችሁ አጽዱ። በገላ ላይ ሳሙናው ያልታጠበ የሚመስል ልስላሴ ይሰማችኋል፤ ሳሙናውን ቀንሱ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታጠብበት «ልጄ፣ ይህ ውሃ አይለቅም» ብላ ደጋግማ አፈሰሰችበት፤ የሳሙናውን መጠን በግማሽ ስትቀንስ ተስተካከለ።

በወር አንድ ጊዜ የበርሜሉን ክዳን አንሥታችሁ በመጥረጊያ እንጨት ጨውን ውጉት። ላዩ ድርቅ ብሎ ሥሩ ባዶ ከሆነ ጨው ድልድይ ሠርቷል፤ ሰብራችሁ አውርዱት። የደለል ማጣሪያውን በግፊት መለኪያው እየተመራችሁ ቀይሩ። ሮቶ በበረኪና ስታጥቡ ግን መጀመሪያ ማለስለሻውን በማለፊያው ለዩ፤ ጠንካራ ክሎሪን ሬዚኑን ይሰብረዋል። ሮቶው ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ሞልቶ፣ የበረኪናው ሽታ ከቧንቧው ሲጠፋ ብቻ መልሳችሁ ክፈቱት።